ቡላ

ዛሬ ጠዋት ባሕር ዳር ገበያ መግቢያው ላይ ያየሁት ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል። ልጆች ጋቢ ደርበው፣ ዱላ ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ የገበሬ አነጋገር እያስመሰሉ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። «አንተ አህያ!» እየተባባሉ ይስቃሉ። የሚጎትቷት አህያ ጤፍ ጭና የመጣች ናት፤ ባለቤቷ ሽማግሌ አጠገባቸው ቆመዋል።

«አባቴ፣ ፈቅደውላቸው ነው?» አልኳቸው።

«ማን ጠይቆኝ፣ ልጄ?»

ጭነቱን አራግፈው መጫኛውን ፈቱና የተላጠ ጀርባዋን ቅቤ ቀቡላት። ስሟ ቡላ ነው። ትከሻዋ ላይ መስቀል የሚመስለውን ጥቁር መስመር በጣታቸው እየተከተሉ «ሆሳዕና ለት ጌታ የተቀመጠባት እኮ ናት» አሉኝ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ያሉት እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ናቸው። ግን ሲመሽ ገለባ ይሰጧታል፣ ከጅብም ይጠብቋታል። እኛ ከተሜዎቹ ስድቡን፣ ጋቢውንና አነጋገሩን ወስደን ሰውየውን ትተነዋል። ይሄ ያመኛል።

አህያን ያላመደው አፍሪካ ነው፤ የዱር ዘመዷ ዛሬም አፋር ውስጥ አለች። ቆዳዋ ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት ሲፈለግ በ2009 ቢሾፍቱ የተከፈተው ቄራ በሕዝብ ቁጣ ተዘጋ፤ የአፍሪካ ኅብረትም በየካቲት 2016 የቆዳ ንግዱን ከለከለ። ከውጭ ሲመጡባት እንቆጣለን፣ ደግ አደረግን። እዚህ ገበያ ላይስ?

ልጆቹን አናገርኳቸው። አንዱ «ባህላችን አይደል እንዴ?» አለኝ። «ነው፣ ወንድሜ፤ እሳቸውን ግን ጠይቃቸው» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ሄዶ ጭነቱን አብሯቸው አነሳ።