ጠርዟ ላይ የቀረው ጭረት

ዛሬ ቤጂንግ፣ ፓንጂያዩዋን ገበያ፣ መሬት ላይ ከተዘረገፈ የድሮ ሳንቲም ክምር ፊት ቁጢጥ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። በመጨረሻ አንዲት የናስ ሳንቲም ይዤ ተነሣሁ። ፊቷ ላይ እ.ኤ.አ. በ1736 የጀመረው የቻይናው ንጉሠ ነገሥት የቺየንሎንግ ዘመነ መንግሥት መጠሪያ፣ ጀርባዋ ላይ የተሠራችበት ቦታ ስም በዘመኑ ገዢዎች በማንቹዎች ፊደል ይነበባል።

ልቤን የወሰደው ግን ጠርዟ ነው። ሳንቲሞቹ በአሸዋ ቅርጽ ቀልጠው ከፈሰሱ በኋላ፣ በአራት ማዕዘኑ ቀዳዳቸው በኩል ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ተሰክተው በአንድነት ይሞረዱ ነበር፤ ቀዳዳው ክብ ቢሆን ኖሮ በተሽከረከሩ። የዚያ ሞረድ ጭረት ዛሬም ለጥፍሬ ይሰማዋል!

ሻጩ አዛውንት «ይህች እኮ ብዙ አለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ብርቅ አይደለችም። እኔ ግን እንደ ዕንቁ ይዣት ገባሁ። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አበስኳት፤ እንዲህ ያለውን ሳንቲም አሲድ ውስጥ ነክረው ሲያብረቀርቁት ሳይ አንጀቴ ያርራል።