ታች የምትደርስ ኒምፍ

ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የሚያጠምድ ሁሉ ውሃ ላይ የምትንሳፈፈዋን ሰው ሰራሽ ዝንብ (ነፍሳት እንድትመስል ላባ የታሰረባት መንጠቆ) ይወዳል። ልክ ነው፣ ታምራለች። ዓሣው ግን አብዛኛውን ምግቡን የሚለቅመው ታች፣ ድንጋዩ አካባቢ ነው። እዚያ ያለው ደግሞ ገና ክንፍ ያላወጣው ነፍሳት፣ ኒምፍ የምንለው ነው። ስለዚህ ዝንብ ስሠራ መንጠቆውን በሚይዝልኝ ሞርሳዬ ላይ ብዙውን ጊዜ የምትገኘው ክብደት ያላት ፌዛንት ቴይል ናት፤ ፌዛንት በሚባለው ወፍ የጅራት ላባ የምትታሰር፣ ኒምፍ የምትመስል ሰው ሰራሽ ዝንብ።

የመጀመሪያዋን ያሰራት ፍራንክ ሶየር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ሥራው የኤቨን ወንዝን መጠበቅ ነበር። ሰውየው ክር የሚባል ነገር አልተጠቀመም። በቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ላባውን አሰረበት፤ ያው ሽቦ ክብደትም ሆነለት። ሁለት ነገር ብቻ፣ አለቀ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ በዚህ ሙያ አላየሁም።

አሁን እኛ የታንግስተን ዶቃ እንጨምራለን። ታንግስተን ከእርሳስ 1.7 እጥፍ ገደማ፣ ከናስ ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ግን ፈጣን ውሃ ላይ የናስ ዶቃ ይዞ መሄድ ለእኔ ድካም ነው።

14 ቁጥር መንጠቆ እንውሰድ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፣ ግራ እንዳይገባችሁ)። 2.8 ሚሊሜትር ዶቃ ይበቃታል። የዶቃው ቀዳዳ በአንድ በኩል ጠባብ ነው፤ ጠባቡ ወደ መንጠቆው ዓይን (ገመዱ ወደሚታሰርበት ቀለበት) ይዙር። ከኋላው ከእርሳስ ነጻ የሆነ ወፍራም ሽቦ ስድስት ሰባት ዙር ጠምጥሙና ወደ ሰፊው ቀዳዳ ግፉት። አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ፣ ከዚያ ክር ታለብሱታላችሁ። ዶቃው ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ አትቀጥሉ፣ ፍቱትና እንደገና።

ለጅራቷ ከፌዛንት ላባ አራት ዘለላ ይበቃል። የቀረውን ጠምዘዝ እያደረጋችሁ ወደ ፊት ጠቅልሉት። አሁን ቀጭኑ የመዳብ ሽቦ ይመጣል፤ እሱን ላባው በዞረበት ሳይሆን በተቃራኒው አዙሩት። በዚያው አቅጣጫ ከሄደ ላባው መሃል ይሰምጥና ምንም አይዝም። ተሻግሮ ሲያልፍ ግን እያንዳንዱን ዙር ይቆልፋል፣ የትራውት ጥርስ ቢበጥሰው እንኳ አይተረተርም። ዶቃው ሥር የጣዎስ ላባ ሁለት ሦስት ዙር፣ ቋጠሮ፣ መቀስ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማስዋብ ይጀምራል፤ እግር፣ ክንፍ፣ ብልጭልጭ። ተዉት ባይ ነኝ። ወፍራም አካል ውሃው ይይዘዋል፣ ቀጭኗ ቶሎ ትሰምጣለች፤ ከባድ ዶቃ ገዝቶ መልሶ በላባ ማንሳፈፍ ምን የሚሉት ነገር ነው?

አሜሪካ ውስጥ ከዴንቨር ከተማ ወጣ ብሎ ዴከርስ አካባቢ፣ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ውሃው ጥርት ያለ፣ ዓሣውም መራጭ ስለሆነ 18 እና ከዚያ ያነሰች ታዋጣለች። ክብደቷን ለመለየት ዶቃው ሥር ያለውን ክር ቀለም እለውጣለሁ፤ ቀይ ከባዷ፣ ጥቁር ቀላሏ። አልፎ አልፎ ድንጋይ ካልነካች ቀዩን አስራለሁ።

ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢም ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ። እዚያ ያጠመዳችሁ ካላችሁ ስንት ቁጥር እንደምትጠቀሙ ጻፉልኝ።