ዘጠነኛ ሳምንት፦ «ሻርኩስ?» ላላችሁኝ

የሰርፍ ልምምዳችን ዘጠነኛ ሳምንት አለቀ። ቅዳሜ ካሊፎርኒያ ያለው ሳን ኦኖፍሬ ባሕር ዳር ነበርን። አሥራ አራት ሞገድ ያዝኩ፣ በአምስቱ ቆምኩ፣ በአንዱ ደግሞ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ በጆሮዬ ሰማሁት። በ46 ዓመት ቦርድ ላይ በሆድ ተኝቶ በአንድ ጊዜ ዘሎ መቆም እንዲህ ነው። ልጅ ሆኜ ሳስበውም አላውቅም፣ እግሬ ራሱ ያውቀው ነበር። አሁን ሳሎን ምንጣፍ ላይ በቀን 30 ጊዜ እለማመዳለሁ፣ ልጄ ደግሞ እየሳቀች በስልኳ ትቀርጸኛለች።

ከእናንተ ሦስታችሁ በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠየቃችሁኝ። «ሻርኩስ?» እውነት ነው፣ ሳን ኦኖፍሬ አካባቢ ግልገል ነጭ ሻርኮች አሉ። በአብዛኛው የሚበሉት ዓሣ ነው። ይህን ብዬ ልተወው ነበር፣ ግን እንዲህ ያለ መልስ ማንንም እንደማያረጋጋ ከራሴ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ ከየት እንደተማርኩት ልንገራችሁ። ይረዝማል፣ ቡና አፍሉ።

ሃዋይ የገባነው በ1991 ነው፣ እኔ 12 ዓመቴ ነበር። አባቴ ዋይኪኪ በሚባለው የቱሪስት ሰፈር ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘ፣ ዋይኪኪ ግን የቤት ኪራይ አይቀመስም። ስለዚህ በኦዋሁ ደሴት ምዕራብ ጠረፍ፣ ዋያናይ ተከራየን። የሃዋይ ተወላጆች በብዛት ያሉበት አካባቢ ነው፣ ቱሪስት ብዙም አይደርስበትም። ከእኛ ቤተሰብ ሌላ ሐበሻ አላየሁም።

ትምህርት ቤት በገባሁ በሳምንቱ «ፖፖሎ» ተባልኩ። ስድብ መስሎኝ ከአንዷ ጋር ፀጉር ለፀጉር ተያያዝን። የዚያችው ልጅ አያት ነገሩን ሲሰሙ ጠሩኝና ከጓሯቸው አንድ ቅጠል ቀጥፈው አሳዩኝ፣ ጥቁር ጥቃቅን ፍሬ ያለው። ፖፖሎ ማለት ይኸው ነው፣ በፍሬው ጥቁረት ነው ጥቁር ሰው የሚጠራበት፣ እኛ ዘንድ ደግሞ መድኃኒት ነው አሉኝ። ቤት ይዤው ሄድኩ። እናቴ አገላብጣ አየችውና «አውጥ አይደለም እንዴ?» አለች። የአውጥ ዘመድ ነው። ልጅቷም የልብ ጓደኛዬ ሆነች።

እናቴ እነሱን የወደደቻቸው ግን በምግብ ነው። ፖይ የሚሉት አለ፣ ከጎደሬ የሚሠራ። ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይቀጥናል፣ ሲቆይ ኮምጠጥ ይላል። የሚበላውም በጣት ነው። እናቴ ከባዕድ ሰው ጋር ከአንድ ሳህን በጣቷ ስትበላ አይቻት አላውቅም ነበር፣ እዚያ ገበታ ላይ አየኋት። «እነዚህስ ሰዎች ናቸው» አለች ማታ ለአባቴ። እዚያ ትልቅ ሰው ሁሉ አንክል ወይም አንቲ ነው፣ ዝም ብሎ በስሙ የሚጠራ የለም፣ ልክ እንደኛ ጋሼና እትዬ። የጓደኛዬ አያትም ለሰፈሩ ሁሉ አንክል ነበሩ፣ ለእኔም።

ሰርፍ ያስተማሩኝ ጓደኛዬ፣ ታናሽ ወንድሟና የአጎቷ ልጅ ናቸው። በሃዋይ ቋንቋ «ሄኤ ናሉ» ይባላል፣ ሞገድ ላይ መንሸራተት ማለት ነው። የመጀመሪያ ቦርዴ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሬዚን የተጠገነ፣ ከማርጀቱ የተነሳ እንደ ቅቤ የወየበ ነበር። የምንሄደው ማካሃ ነው። እዚያ ባሕር ዳር ሬል ሰንን ስንት ጊዜ አየኋት! የማካሃ ንግሥት የሚሏት ሰርፈር ናት፣ ከ1976 ጀምሮ ለልጆች የሰርፍ ውድድር ታዘጋጅ ነበር፣ በ1998 በካንሰር አረፈች። እኔ ያኔ ዝናዋን የት አውቄ፣ አሸዋው ላይ ከልጆች ጋር የምትስቅ ሴት ናት በቃ።

አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የሃዋይ ሰው ሞገድ የሚለካው ከጀርባው ነው። ሦስት ጫማ ነው ካሏችሁ ፊቱ ስድስት ይሆናል። እኔ በመጀመሪያው ክረምት «ሦስት ጫማ ናት» ብለውኝ ገብቼ፣ ማካሃ ደግሞ ዳር ላይ የሚመለሰው ውሃ ከሚመጣው ጋር ተጋጭቶ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ እዚያ መሐል ተገልብጬ አፌም ጆሮዬም አሸዋ ሞልቶ ወጣሁ። እናቴ ፀጉሬን ስታጥብ ውላ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቦርዱን ባነሳሁ ቁጥር ትላታለች።

ዋናው መምህራችን አንክል ነበሩ ማለት ይቻላል፣ ያኔ በእሳቸው ዕድሜ ወደ ሞገዱ ባይገቡም። ደንባቸው አንድ ነው። ከመግባትሽ በፊት አሸዋው ላይ ተቀመጪና እዪ። ሞገዱ በስንት በስንት ነው የሚመጣው? የገባው ውሃ በየት በኩል ነው ተመልሶ የሚወጣው? ኤሊዎቹ የት ናቸው? ካልመለስሽ አትገቢም። ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ለ13 ዓመት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት።

የመጀመሪያው ሻርኬ የሚያሳፍር ነው። በጋ ነው፣ ሞገድ የለም፣ በመነጽር እየጠለቅን ነበር። የጓደኛዬ ወንድም ከውሃ ብቅ አለና «ማኖ!» ብሎ ጮኸ። ማኖ ሻርክ ነው። እኔ ወደ ዳር ለመሮጥ ስል (ውሃ ውስጥ ይሮጣል?) እግሬን ያዘና ጭንቅላቴን ውሃ ውስጥ ነከረው። ኮራሉ ሥር፣ አንዲት ዋሻ ውስጥ፣ ከእኔ ቁመት የማይበልጥ ግራጫ ነገር አሸዋው ላይ እንደ ደከመው ውሻ ተጋድሟል። የክንፉ ጫፍ ነጭ ነው። ሻርክ ካልዋኘ ይሞታል ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ይኼኛው ዓይነት ቀኑን ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚውለው፣ ውሃውን በአፉ እየሳበ ይተነፍሳል። አደኑ ሌሊት ነው። ዞር ብሎ እንኳ አላየንም።

ለእናቴ ልነግራት ስል ሻርክ በአማርኛ ጠፋኝ። «ዓሣ ነባሪ አየሁ» አልኳት። «የዮናስ?» ብላ አማተበች። ለሁለት ሳምንት ባሕር ተከለከልኩ፣ በአማርኛዬ ምክንያት።

በ1992 ግን ቀልዱ አለቀ። በሴፕቴምበር ኢኒኪ የተባለው አውሎ ነፋስ ካዋይ ደሴትን አወደመ፣ የእኛም ጠረፍ ላይ ባሕሩ ቤቶች አፍርሷል። በኖቬምበር ደግሞ ከማካሃ ራቅ ብሎ ኬአአው በሚባለው ቦታ ቦዲቦርድ (በሆድ የሚተኙበት አጭር ቦርድ) ይዞ የገባ አንድ የ18 ዓመት ልጅ በሻርክ ተነክሶ ሞተ። ሰፈሩ በሙሉ ዝም አለ። ትምህርት ቤት የሚያውቁት ነበሩ። ይሄ ዋሻ ውስጥ የሚተኛው አይደለም፣ ነብር ሻርክ የሚባለው ነው፣ በእነሱ «ኒዩሂ»።

ሻርኮቹ ይታደኑ የሚል ነገር ተነሳ። አንክል ቤት ሰዎች ተሰብስበው ሲያወሩ እኔና ጓደኛዬ በር ላይ ተቀምጠን እንሰማ ነበር። የአንክል ቤተሰብ አውማኩዋ ሻርክ ነው። አውማኩዋ የቤተሰብ ጠባቂ የሆነ የአባቶች መንፈስ ነው፣ ለአንዱ ቤት ጉጉት፣ ለሌላው ኤሊ፣ ለእነሱ ሻርክ። አይገድሉትም፣ አይበሉትም። አንክል ግን ያን ቀን ስለ መንፈስ አላወሩም። ስለ ቁጥር ነው ያወሩት። ከ1959 እስከ 1976 መንግሥት ሻርክ እያስገደለ ነበር፣ በድምሩ 4,668 ተገድሏል፣ ከዚያ ውስጥ ነብር ሻርኩ 554 ነው፣ ታዲያ ሰው መነከሱ ቀነሰ ወይ? አልቀነሰም። ሟቹን ልጅ ሲያነሱ ደግሞ ድምፃቸው ተሰበረ። ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ ነበሩ።

ለእኛ የነገሩን ሌላ ነው። ዊሊዊሊ የሚባል ዛፍ አለ። ዊሊዊሊ ሲያብብ ሻርክ ይናከሳል ይላል የጥንት አባባላቸው። የሚያብበው በጋው አልቆ መኸር ሲገባ ነው። (ዛፉ የኛ ቆርች የቅርብ ዘመድ ነው፣ አበባውን ብታዩት ትለዩታላችሁ። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።) ከብዙ ዓመት በኋላ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነብር ሻርኮች ላይ መከታተያ አስረው ሲያዩ፣ በሰሜን ምዕራብ የሃዋይ ደሴቶች ካሉት የደረሱ እንስት ሻርኮች ሩብ ያህሉ በመኸር ወደ ዋናዎቹ ደሴቶች ይመጣሉ፣ ለመውለድ ሳይሆን አይቀርም አሉ። አንክል ይህን ቢሰሙ «እና?» ነበር የሚሉት።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ኦክቶበር 1993፣ 14 ዓመቴ። ሁለት ቀን ዘንቦ ነበር። ማካሃ አንክል ያዩናል ብለን ማይሊ ወደሚባል ሌላ ባሕር ዳር ሄድን፣ እኔ፣ ጓደኛዬና የአጎቷ ልጅ። ውሃው ሻይ በወተት መስሏል፣ ጅረቱ ጭቃውን ሁሉ አምጥቶ ባሕር ውስጥ ዘርግፎታል። ሰዓቱ መሽቷል። አልተቀመጥንም፣ አላየንም፣ ቀጥታ ገባን። ሞገዱ ያምር ነበራ!

አጠገባችን አንዲት ኤሊ ነበረች፣ በየጊዜው ጭንቅላቷን ብቅ የምታደርግ። የሆነ ሰዓት ላይ ቀረች። ጓደኛዬ የጀመረችውን ወሬ አቋረጠች። እኔ ያየሁት ጥላ ነው። የደመና ጥላ መሰለኝ፣ ግን ከሞገዱ በተቃራኒ ይሄዳል። ከዚያ ከፍ አለ። በፊልም የምናየው ሹል አፍ አይደለም፣ ጭንቅላቱ እንደ ሳጥን ደፍጠጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ጎኑ ላይ የደበዘዘ መስመር መስመር አለው። የጀርባው ክንፍ ከውሃ አልወጣም። በጓደኛዬና በእኔ መሐል፣ አንድ ቦርድ በማትሞላ ርቀት፣ ምንም ሳይቸኩል አለፈ። መርዘሙ ነው የገረመኝ፣ ቢያልፍ ቢያልፍ አያልቅም።

«እግር» አለች ጓደኛዬ፣ በሹክሹክታ። ሦስታችንም እግራችንን ቦርዱ ላይ ሰበሰብን። ቀስ ብለን ቦርዶቹን አጠጋጋን፣ እሷ የእኔን ሊሽ (ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያስረውን ገመድ) በእጇ ጠቅልላ ያዘች። ማንም አልቀዘፈም። ውሃ ማንቦጫረቅ የቆሰለ ዓሣ እንደሚያስመስል ተነግሮናል። ሞገድ መጠበቅ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ለእኔ አንድ ሙሉ ቅዳሴ ነበር። ሞገዱ ሲመጣ ሦስታችንም በሆዳችን እንደተኛን አሸዋው ድረስ ወሰደን፣ አሸዋው ላይም ቦርዱን ሳልለቅ በጉልበቴ ዳኽኩ።

መጀመሪያ የሳቀው የአጎቷ ልጅ ነው። «ለሻርኩ በምን ቋንቋ ነው ያወራሽው?» አለኝ። ለካ ሙሉውን ጊዜ ጮክ ብዬ ድንግል ማርያምን ስጠራ ነበር። እስክንፈርስ ሳቅን። ከዚያ ጓደኛዬ አስመለሳት።

ቤት ስንደርስ አንክል መረብ እየጠገኑ ነበር። ምንም አልተናገርንም። ቀና ብለው ፊታችንን አዩና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ውሃው ምን ቀለም ነበር?» ዝም አልን። ስለ ሻርኩ አንድ ቃል አልጠየቁም። ለሁለት ሳምንት ቦርዶቹን ቆለፉብንና በየማታው ባሕር ዳር አስቀመጡን፣ የውሃውን ቀለም፣ የወፎቹን ቦታ፣ የጅረቱን አፍ እያየን እንድንነግራቸው። በአሥራ አራተኛው ቀን እኔ ተሳስቼ ቦርዴ ለአንድ ቀን ተጨመረበት። እናቴ ጉዳዩን የሰማችው ካሊፎርኒያ ከገባን በኋላ፣ እኔ 25 ዓመት ሲሞላኝ ነው፣ ያኔም ቢሆን ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ከዚያ ኮሌጅ፣ ሥራ፣ ልጅ፣ ባሕሩ ተረሳ። በ2003 ካዋይ ውስጥ የ13 ዓመቷ ቤታኒ ሃሚልተን ግራ ክንዷን በነብር ሻርክ ስታጣ ጓደኛዬ ደወለችልኝ፣ አንድ ወር ሳይሞላ ልጅቷ ተመልሳ ሞገድ ላይ ወጣች ብላም ደወለች። አንክል አርፈዋል። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሃዋይ ውስጥ ሻርክን ሆን ብሎ መያዝም መግደልም በሕግ ተከልክሏል፣ ጓደኛዬ ይህንንም ደውላ ነው የነገረችኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት መጀመሪያ አሸዋው ላይ 20 ደቂቃ ስላስቀመጥኳችሁ ያጉረመረማችሁ፣ ከየት እንደመጣ ይኸው። ዘንቦ ከሆነ አልገባም። የወንዝ አፍ አጠገብ አልገባም። ሲመሽ አልገባም። የሞተ ዓሣ ነባሪ ወይም የባሕር እንስሳ ዳር ላይ ከወደቀ ወደዚያ አካባቢ አልደርስም። ብቻዬን አልገባም።

ያቺ ቅዳሜ አይታችሁ የጮሃችሁባት ክንፍ ደግሞ የዶልፊን ናት። እየዞረች ወጣ ገባ ስትል አላያችሁም? የዶልፊን ጅራት ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚመታው፣ ስለዚህ ክንፏ እንደ ጎማ ይሽከረከራል። የሻርክ ጅራት ግራና ቀኝ ስለሆነ ክንፉ ከወጣ ቀጥ ብሎ ነው የሚንሸራተተው። እኔም ግን ክንፏን ሳይ እግሬን ሰብስቤ ነበር፣ አይቼሻለሁ ያልሽኝ ልክ ነሽ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ በሐበሻ። ዋክስ (እግር እንዳያንሸራትት ቦርዱ የሚቀባው ሰም) ያለቀበት ይግዛ፣ የእኔን አትጨርሱብኝ።