አሮጌ ቤት ስታድሱ መጀመሪያ ሲሚንቶውን አስወልቁ

ስኮትላንድ ውስጥ የድንጋይ ቤት ገዝታችሁ ልታድሱ ካሰባችሁ፣ ከሁሉ በፊት ግድግዳው በምን እንደተለሰነ እዩ። ለእኛ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

እኔና ባለቤቴ የገዛነው ፐርዝሻየር ውስጥ ያለ የአንድ ትልቅ የገጠር ቤት ምዕራባዊ ክንፍ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ባለጸጎች መኖሪያቸውን እንደ ጥንት ግንብ ማሠራት ይወዱ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ትንንሽ ማማ፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ ድንጋይ። የእኛም ቤት እንደዚያ ነው።

ጣሪያው ብዙም አላስቸገረን። የተሸፈነው ባላሁሊሽ ከሚባል የስኮትላንድ ቦታ በወጣ ጥቁር ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የሚወጣበት ካባ በ1955 ስለተዘጋ፣ ከፈረሱ ቤቶች የተነቀለ ገዝተን ተካን። መስኮቶቹን አናጢ ጠገናቸው።

ግድግዳው ግን አንጀታችንን አሳረረው። ሲሠራ በኖራ ነበር፤ የፋሲል ግንብም የቆመው በኖራ ነው። ኋላ ግን አንዱ መጥቶ በሲሚንቶ ለሰነው። አሸዋማ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፤ ኖራ ከሆነ መልሶ ያደርቀዋል። ሲሚንቶ ሲሰነጠቅ ግን ዝናቡ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። የወለሉን ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ አበሰበሰብን። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ሄለንስበርግ ከተማ ያለውን ሂል ሃውስ የተባለ መኖሪያ ቤት ታዋቂው አርክቴክት ማኪንቶሽ በ1904 ሲጨርሰው ውጪውን በፖርትላንድ ሲሚንቶ አስለሰነው። እንዲደርቅ ብለው በ2019 ቤቱን በሙሉ የብረት መረብ ዳስ ውስጥ አስገቡት።

ቤታችን በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ያለ ፈቃድ ልስኑን መንካት ወንጀል ነው። ውሳኔው በ2 ወር መሰጠት አለበት ይላል ደንቡ። ማመልከቻውን በጸደይ አስገባን። የቅርስ ኃላፊው መጀመሪያ «ሲሚንቶውም የቤቱ ታሪክ ሆኗል» አሉ። ታሪክ! እንጨቱን እያበሰበሰ ያለው እሱ ነው። ቀጥለው የድሮው ኖራ ይመርመር አሉ፤ አስመረመርን። ከዚያ እረፍት ወጡ። የተተኩት ሴትዮ ፋይሉን ከሀ ጀመሩት። ፈቃዱ እጃችን የገባው ኦክቶበር ላይ ነው።

ኖራ ከ5 ዲግሪ በታች አይሠራበትም። ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው ይረግፋል። ስለዚህ የብርዱን ወራት ሙሉ ቆመን ጠበቅን። የመወጣጫው ብረት ኪራይ ግን አልቆመም፤ ዝናቡም አልቆመም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መመሪያው ከማመልከታችሁ በፊት ፈቃድ ሰጪውን ቢሮ አማክሩ ይላል። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጉ፣ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ሰሌዳ ላይ ናሙና አሠሩ፣ የኖራውን ምርመራ ጨርሱ፣ ሁሉንም አንድ ላይ በመጸው አስገቡ። ኤፕሪል ሲመጣ ፈቃዱ በእጃችሁ ይሆናል። 2 ወር አልፎ መልስ ከሌለ ስልክ እየደወላችሁ አትለማመጡ፤ ለስኮትላንድ ሚኒስትሮች ይግባኝ በሉ። እርጥበቱን ለማስቆም ግድግዳውን በስተን ኬሚካል እንውጋ የሚላችሁን ሰው ደግሞ በሩን አሳዩት። አሸንዳው መፍሰሱን ማየት ይቀድማል።

ቤቱ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ባዶ ከነበረ፣ የእድሳቱ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ20 ወደ 5 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ማስረጃውን ሥራ ሳይጀመር ያዙ።

በጸደይ ኖራው ተለሰነ። እርጥብ ጆንያ እያለበስን ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አደረግን። በዚያ ግድግዳ እኮራለሁ። የምሥራቁ ክንፍ ጎረቤቶቻችንም ማመልከቻቸውን ሴፕቴምበር ላይ አስገብተዋል፤ ናሙናውን የሠራንላቸው እኛ ነን።