መብራት ጠፍቷል፣ ማሽኑ ቆሟል

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አባባ ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ከአልጋ ወርደው፣ አጎበሩን እንደ ነጠላ ተከናንበው፣ በባዶ እግራቸው ወደ በሩ ያመራሉ። «ፈረቃ አመለጠኝ!»

ጉልበታቸውን የጨረሱት ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው፣ የ1953ቱ ፋብሪካ። ጆሯቸውን የወሰደውም የማሽኑ ጩኸት ነው። ስለዚህ በሹክሹክታ ማባበል የሚባል ነገር የለም። ጠጋ ብዬ እጮሃለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ይነቃል።

መጦሪያው ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እውነቱን እነግራቸው ነበር። «አባባ፣ ጡረታ ከወጡ ቆዩ እኮ።» ያኔ ዝም ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። ፊታቸውን ማየት አልችልም ነበር። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ እንደ አዲስ። ለካ በየሌሊቱ መርዶ ነጋሪ ሆኜባቸዋለሁ።

የገላገለችኝ ከእኔ በፊት የገባች ባልደረባዬ ናት። «መብራት ጠፍቷል በያቸው» አለችኝ። አልኳቸው። «አባባ፣ መብራት ጠፍቷል፤ ማሽኑ ቆሟል።»

«ከጢስ ዓባይ ማመንጫው ነው?»

«አዎ፣ ከዚያው ነው።»

«እንግዲያው ይጠግኑት» ብለው ተኙ። የመብራት መጥፋት ለአንድ ሰው እረፍት ሲሆን መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ግን ውሸት ነው። በየሌሊቱ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። ይኼ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

የአዳር ሥራ ሌላውስ ያው ነው። ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉትን በየ2 ሰዓቱ እናገላብጣለን፤ አለበለዚያ የአልጋ ቁስል ያወጣቸዋል። ዳይፐር እንቀይራለን። አረጋዊ ሰው ውኃ ቢጠማውም ብዙ አይታወቀውም፤ ስለዚህ ኩባያ ይዘን እንለምናለን። ወገቤ ያልቃል። እናቴ ደግሞ «ልጅ የላቸውም እንዴ?» ትለኛለች። አንዳንዶቹ አላቸው። መልሱ ግን እሷ እንደምታስበው አጭር አይደለም፤ ነገሩን ሳልጨርስ ቡናው ይበርዳል።

ውሸት የማይሠራባቸው እማማ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ኪኒናቸው ከምግብ ጋር ነው። ፍልሰታ ገባና እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም አሉ። «ሐኪሙ አዟል» ብላቸው «ሐኪሙ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ ላብ በላብ ሆነው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አገኘኋቸው። ስኳራቸው ወርዷል። በስኳር የተበጠበጠ ውኃ አጠጣኋቸው፤ ሲረጋጉ ተቆጡኝ።

የንስሐ አባታቸው ተጠሩ። ቄሱ ብዙም አልተከራከሩም፤ የታመመ ሰው በፈቃድ ይበላል አሏቸው። እማማ አንገታቸውን ደፉ። ቄሱ እንደወጡ ግን እጄን ያዙ።

«መጋረጃውን ሳቢው። ለእነዚያ ሴቶች ጾመኛ ናት በያቸው።»

ስለዚህ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ጠዋት ጠዋት መጋረጃ ስቤ የሽሮ ፍትፍት አጎርሳቸው ነበር። ማዶ ያሉት እናት «ዛሬም ሳይቀምሱ?» ሲሉኝ «ሳይቀምሱ» እላለሁ። እማማ ከመጋረጃው ጀርባ ቀስ ብለው ያላምጣሉ። እንግዲህ በሌሊት ለአባባ፣ በጠዋት ለእማማ። ይኼን ሁሉ ለንስሐ አባቴ መናገሬ አይቀርም። ከየቱ እንደምጀምር ነው የቸገረኝ።

ትናንት ንጋት ላይ ተረካቢዬ አረፈደች። ዝናብ ነበር፤ ባጃጅ አጥታ ይሆናል። ከጣና በኩል የሚመጣው ንፋስ መስኮቱን ያንኳኳል። ቦርሳዬን አንግቼ ኮሪደር ላይ ስንቆራጠጥ አባባ ወጡ። ጫማቸውን አድርገዋል፤ ግራና ቀኙን አቀያይረው።

«አንቺ የየትኛው ፈረቃ ነሽ?»

«የአዳር ነኝ አባባ።»

«ተረካቢሽስ?»

«አልመጣችም።»

ወደ በሩ አላመሩም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ማሽን ለብቻው ትቶ አይኬድም» አሉ። «እስክትመጣ አብረን እንጠብቃለን።»

ልጅቷ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በስብሳ ገባች። አባባ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ የት ቆየሽ? መብራቱ እኮ መጥቷል።»