ሂሎ፦ ለባሕሩ ቦታ የለቀቀች ከተማ

ሃዋይ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሆኖሉሉ፣ በተለይም በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ ወደተደረደሩት ሆቴሎች ነው። እኔ ግን ከሲያትል የተነሣሁት ወደ ሂሎ ነበር። ሂሎ ከደሴቶቹ ሁሉ በስፋት በምትበልጠውና ራሷም ሃዋይ ተብላ በምትጠራው ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በተጠማዘዘ የባሕር ወሽመጥ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከኋላዋ 4,207 ሜትር ከፍታ ያለው ማውና ኬያና ከእሱ ብዙም የማያንሰው ማውና ሎዋ ተገትረዋል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከእነዚህ ተራሮች ጋር ሲጋጠም ሽቅብ ወጥቶ ይቀዘቅዝና ያዘለውን ውኃ በከተማዋ ላይ ያራግፈዋል። በዓመት የሚዘንበው ከ3,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከተራሮቹ ማዶ ያለው የኮና ወገን ደረቅና ፀሐያማ በመሆኑ ትልልቆቹ መዝናኛዎች የተሠሩት በዚያ ነው፤ ሂሎ በዝናቧ የተነሣ ለነዋሪዎቿ ቀርታለች። ጎብኚ ይህን እንደ ጉድለት ሊያየው ይችላል፤ እኔ ግን የወደድኳት በዚሁ ነው።

በካሜሃሜሃ ጎዳና ላይ ስሄድ መጀመሪያ የገረመኝ የመንገዱ አንድ ጎን ባዶ መሆኑ ነው። በአንደኛው ወገን አሮጌ የእንጨት ሱቆች ተደርድረዋል፤ በባሕሩ ወገን ግን ሣር፣ የኮኮናት ዛፎችና የኳስ ሜዳዎች ብቻ ናቸው። በሌላ ከተማ ቢሆን እንዲህ ያለ ባሕር ዳር መሬት ተሸንሽኖ ፎቅ በበቀለበት ነበር። ያ ሣር ግን ሰፈር ነበር። በስኳር አገዳ እርሻዎች ሊሠሩ የመጡ ጃፓናውያንና ልጆቻቸው ቤትና ሱቅ ሠርተው ሺንማቺ ብለው የሰየሙት መንደር እዚህ ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1946 ጠዋት በአላስካ አሉሺያን ደሴቶች አካባቢ የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ሱናሚ መጣ፤ ዕለቱ አፕሪል ዘ ፉል ስለነበር ወሬውን ቀልድ መስሏቸው የተዘናጉ ነበሩ። በሂሎ ብቻ 96 ሰዎች አለቁ። የተረፉት ሰፈራቸውን መልሰው ሠሩ። በግንቦት 1960 ደግሞ ከቺሊ የተነሣው ማዕበል ውቅያኖሱን በ15 ሰዓት ገደማ አቋርጦ በእኩለ ሌሊት ደረሰ። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ከሰዓታት በፊት ጮኾ ነበር፤ ሆኖም ብዙዎች ትርጉሙ በትክክል ስላልገባቸው ከቤታቸው አልወጡም፣ ማዕበሉን ለማየት ወደ ዳርቻው የወረዱም ነበሩ። 61 ሰዎች ሞቱ። በዋያኬያ በኩል ከማዕበሉ የተረፈ የአደባባይ ሰዓት በምሰሶው ላይ እንደቆመ ነው፤ እጆቹ 1፡04 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ፣ ሆን ተብሎ ሳይጠገን ቀርቷል። ከሁለተኛው ጥፋት በኋላ ከተማዋ ከባሕሩ ጋር እንደገና አልተፎካከረችም፤ ዳርቻውን ለሣሩ ትታ ነዋሪዎቿን ወደ ላይ አዛወረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ ሲራገጡበት ያየሁት ሜዳ ይኸው ነው።

በስተ ጀርባ የሚመጣውን አደጋ ግን ማንም ቦታ ለቆ አያመልጠውም። በ1880 ከማውና ሎዋ የፈነዳው የቀለጠ ዐለት ለወራት እየተንፏቀቀ በ1881 ክረምት ወደ ሂሎ ጫፍ ተጠጋ። በዚያን ጊዜ ልዕልት ሩት ኬኤሊኮላኒ ከሆኖሉሉ መጥተው እስከ ነበልባሉ ጠርዝ ድረስ ሄዱ፤ ለእሳተ ገሞራዋ አምላክ ለፔሌ መሥዋዕት አቅርበው ዝማሬ አሰሙ ይባላል። የከተማው ክርስቲያኖችም በበኩላቸው ጸሎት ይዘው ነበር። ፍሰቱ ቆመ፤ ምስጋናውንም ሁለቱም ወገኖች ወደየአምላካቸው ወሰዱት። እኔ በዚህ ክርክር አልገባም። ፔሌ ትኖርበታለች የሚባለው የኪላዌያ ጉድጓድ ግን ከሂሎ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነውና ሄጄ አየሁት። ስፍራው ከ1916 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከፍታው 1,200 ሜትር ያህል በመሆኑ ብርድና ጭጋግ አለው፤ ኤርታ ኣሌን በአፋር ሐሩር ውስጥ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ እሳተ ገሞራን በሹራብ መጎብኘት ግር ሊለው ይችላል። በእግር መንገዱ መግቢያ ላይ የጫማ ሶል መቦረሻና የአልኮል መርጫ ተቀምጧል። ከቀዘቀዘው ጥቁር ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ቀድሞ የሚበቅለውን፣ ቀይ አበባ ያለውን የኦሂያ ዛፍ የሚገድል ፈንገስ በአፈር ተጣብቆ ይዛመታልና፣ ማንም ሰው ጫማውን ሳያጸዳ እንዳይገባ ይጠየቃል። ከእኔ ፊት የነበሩ አንድ አዛውንት የሕፃን የልጅ ልጃቸውን ጫማ በእጃቸው ይዘው ጭቃውን በጥንቃቄ ሲያወጡ ጥቂት ቆይተዋል፤ ከኋላቸው ከተሰለፍነው አንድም ሰው አላጉረመረመም።

ልዕልቲቱ የሚታወቁበት ሌላም ነገር አለ፤ እንግሊዝኛ አልናገርም ብለው በሃዋይኛ ብቻ ይነጋገሩ ነበር። ከእሳቸው ሞት በኋላ፣ በ1893፣ ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ከዙፋናቸው ተገለበጡ፤ በ1896 የወጣው ሕግም እንግሊዝኛን ብቸኛ የትምህርት ቋንቋ አደረገው። ልጆች በትምህርት ቤት በአያቶቻቸው ቋንቋ በመናገራቸው ይቀጡ ነበር፤ ወላጆችም ቀስ በቀስ ቋንቋውን ለልጆቻቸው ማውረስ ተዉ። ሃዋይኛ ከእንግሊዝኛ እኩል የግዛቲቱ የሥራ ቋንቋ የሆነው በ1978 ነው፤ በ1980ዎቹም ሕፃናት ሙሉ ቀን በሃዋይኛ የሚማሩባቸው መዋዕለ ሕፃናት ተከፈቱ። ዛሬ በሂሎ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሃዋይኛ ኮሌጅ በእሳቸው በኬኤሊኮላኒ ስም ይጠራል፤ እስከ ዶክትሬት ድረስም ያስተምራል። በገበያው ውስጥ አንዲት እናት ፓፓያ እየመረጠች ከልጇ ጋር በሃዋይኛ ስትከራከር ሰማሁ፤ ሻጩም በዚያው ቋንቋ ገብቶ ልጁን ደገፈ። ሙዚየም ውስጥ ብሰማው ይህን ያህል ባላስደነቀኝ።

ከዚያው ገበያ ፖይ ገዛሁ። ፖይ የሚሠራው ከጎደሬ ነው፤ ወላይታና ከፋ የሚያውቁት ያው ጎደሬ። ተቀቅሎና በእንጨት ገበታ ላይ በድንጋይ ተወቅጦ፣ ውኃ እየተጨመረበት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ገንፎ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ እንደ እንጀራ ሊጥ ይኮመጥጣል። ብዙ ጎብኚዎች ጣዕም የለውም ብለው ይተዉታል፤ ኮምጣጣ ለለመደ አፍ ግን ከጨው ዓሣ ጋር ሲበላ የሚናቅ አይደለም። በሃዋይያውያን የትውልድ ታሪክ መሠረት ሞቶ የተወለደው በኩር ልጅ ከተቀበረበት ስፍራ የመጀመሪያው ጎደሬ በቀለ፤ የሰው ዘር አባት የሆነው ከእሱ ቀጥሎ የተወለደው ነው። ስለዚህ ጎደሬ ታላቅ ወንድም ነውና የፖይ ሳሕን ክዳኑ ተነሥቶ ሳለ በገበታው ዙሪያ መጣላት ነውር ነው። ይህን ያስረዱኝ፣ በደሴቲቱ ልማድ “አንቲ” እያልኩ የምጠራቸው አከራዬ ናቸው።

የሄድኩት በምዕራባውያኑ ፋሲካ ሳምንት ስለነበር ከተማዋ በሁላ ውዝዋዜ ፌስቲቫል ተጥለቅልቃ ነበር። ፌስቲቫሉ በ1960ዎቹ የተጀመረ ሲሆን ውድድሩ የታከለበት በ1971 ነው፤ መታሰቢያነቱም ከ1874 እስከ 1891 ለነገሡት ለካላካዋ ነው። ንግሥት ካዓሁማኑ ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ በ1830 በአደባባይ እንዳይደረግ የከለከሉትን ሁላ፣ በቤተ መንግሥታቸው በግልጽ ያስጨፈሩት እኚህ ንጉሥ ናቸው። ትኬት ማግኘት ዘበት በመሆኑ ከአንቲ ጋር በቴሌቪዥን ተከታተልኩ። በጥንታዊው ሁላ መምህሩ ሁለት ቅል ተገጥሞ የተሠራ ከበሮ ይዞ መሬት ተቀምጦ ያዜማል፤ ተወዛዋዦቹ ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ በእጆቻቸው የግጥሙን ቃል ይከተላሉ። አንቲ ዓይናቸው ከእግሮቹ አይነቀልም፤ የአንዷ ተረከዝ ከጓደኞቿ ትንሽ ከዘገየ ምላሳቸውን ይመታሉ።

ቅዳሜ ሌሊት ውጤቱ ሲነገር እሳቸው የደገፉት ቡድን ሁለተኛ ወጣ። አንቲ የፖዩን ሳሕን በጥንቃቄ ከደኑ፤ ከዚያ ዳኞቹን አንድ በአንድ መውቀስ ጀመሩ፤ በስልክ ካገኟቸው እህታቸውም ጋር እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ክርክሩን ቀጠሉ።