የኋላ ሾክ አብዞርበር በቤት መቀየር፦ እስካሁን የደረስኩበት

የኋላዎቹን ሁለት ሾኮች ቀይሬ ጨርሻለሁ። የፊቶቹ ይቀራሉ፤ ለምን እንዳቆየኋቸው ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከዚህ በፊት ዘይት ከመቀየርና ጎማ ከመፍታት ያለፈ ነገር መኪና ላይ ሠርቼ አላውቅም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደኔ ጀማሪ ለሆናችሁ ነው፤ ሙያው ያላችሁ ደግሞ የጎደለውን ሙሉልኝ።

መጀመሪያ ያለቀው ሾኩ ራሱ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ። መኪናውን ከጥጉ ተጭኖ ለቀቅ ማድረግና ውዝዋዜውን ማየት ሁሉም የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ጨርሶ የሞተውን ይለያል፣ የደከመውን ግን አይለይም። ቁርጡን የነገሩኝ ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ጉብታ ካለፍኩ በኋላ የመኪናው ጀርባ ቶሎ አይረጋም። የኋላ ጎማውን ዙሪያውን በእጄ ስዳስሰው አንዱ ቦታ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ተበልቷል። የሾኩ አካል ደግሞ ዘይት አፍስሶ ላዩ ላይ አቧራ ተጋግሮበታል። ዘንጉ ከሚገባበት አፍ አካባቢ ስስ ወዝ ብቻ ቢታያችሁ አያስደነግጥም፤ እየወረደ አካሉን ያራሰ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል። አንዱ ብቻ ቢያፈስም ግራና ቀኙ አብረው ነው የሚቀየሩት፤ አለዚያ አንዱ ጎን ሲረጋ ሌላው ይወዛወዛል።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የጠቀመኝ አሠራሩን መረዳቴ ነው። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው። የሾኩ ድርሻ ሞላው ተጨቁኖ ሲፈናጠር ውዝዋዜውን ማብረድ ነው፤ ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቫልቮች እያሳለፈ የእንቅስቃሴውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህን ሳውቅ «ሾኩን ስፈታው መኪናው ይወርዳል እንዴ?» የሚለው ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ሌላ ጥንቃቄ ግን በቦታው ተተካ፦ መኪናው ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል፣ በብዙ መኪኖች አክሰሉ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚይዘው ሾኩ ነው። የታችኛው ብሎን ከመውጣቱ በፊት አክሰሉን ከሥር በሌላ ክሪክ መደገፍ ያስፈልጋል። ካልተደገፈ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፣ ሞላውም ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

አነሳሱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ነገር ግን ችላ የሚባል አይደለም። መሬቱ ጠንካራና ሜዳ ይሁን። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ መኪናው የሚያርፈው በብረት ስታንድ ላይ ነው። የእጅ ፍሬን ደግሞ በአብዛኛው መኪና የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ፣ ኋላው ከተነሳ በኋላ መኪናው እንዳይንሸራተት አያግደውም። የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባላቸው። የጎማ ብሎኖቹን ላላ የምታደርጉትም መኪናው ገና መሬት ላይ እያለ ነው።

ትልቁ ትግል ከዝገት ጋር ነው። በዋዜማው ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ፍቄ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጨሁባቸውና አሳደርኳቸው። የታችኛው ብሎን ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ አንዴ «ቋ» ብሎ ከተላቀቀ በኋላ በእጅ ወጣ። የላይኛው ዳዶ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ቁልፉን ስታዞሩት የሾኩ ዘንግ አብሮ ይዞራል፣ ዳዶው ካለበት ፈቀቅ አይልም። የዘንጉን ጫፍ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ሁለት ጎኑ ጠፍጠፍ ብሎ የተሞረደ ነው። እሱን በትንሽ ቁልፍ ጨብጦ ዳዶውን በሌላ ቁልፍ ማዞር ነው መላው። አንዳንዱ ሾክ በጠፍጣፋው ፋንታ ለአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን ዘንግ ቁልፍ) የሚሆን ቀዳዳ አለው። አዲሱን ስትገጥሙ ግን የሚያብረቀርቀውን የዘንጉን ክፍል በፒንሳ እንዳትይዙት፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ካለው፣ ዘንጉ በተመላለሰ ቁጥር ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ማሸጊያ እየቆረጠ አዲሱን ሾክ ያስፈስሰዋል።

አሮጌውን አቁሜ ስጫነው ያለ ምንም ተቃውሞ ጥልቅ አለና እዚያው ቀረ። አዲሱ በሁለት እጅ ተጭኜው ቀስ እያለ ነው የሚገባው፤ የጋዝ ስለሆነ ስለቀው ደግሞ በራሱ ይመለሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ መሞከር ከማንም ገለጻ በላይ ያስረዳል። አዲሱ መንታ ቱቦ (አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ያለበት) ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ እስከ ጫፍ ጫኑትና ሳቡት፤ ተጋድሞ ሲቆይ ወደ ዘይቱ የገባው አየር ይወጣለታል። የአቧራ መከላከያ ሽፋኑንና የጎማ መምቻውን (ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲጨቆን ግጭቱን የሚያበርደውን) አብሬ ለወጥኳቸው። አሮጌው ሽፋን ተቀዶ ስለነበር ዘንጉ ላይ አሸዋ ሲገባ ኖሯል፤ አዲስ ሾክ በተቀደደ ሽፋን መግጠም ለኔ ጥቅሙ አይታየኝም።

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው፣ ብሎኖቹ መጨረሻ ላይ የሚጠብቁት መኪናው በምን ሁኔታ ላይ እያለ እንደሆነ ነው። የታችኛው የሾክ ዓይን (ብሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት) ውስጥ የጎማ ቡሽ፣ ማለትም መሃሉ ብረት የሆነ የጎማ ትራስ አለ። ብሎኑ ሲጠብቅ የቡሹን መሃል ብረት ባለበት አቅጣጫ ያስረዋል፤ ከዚያ በኋላ አክሰሉ ሲወጣና ሲወርድ የሚጠመዘዘው የቡሹ ጎማ ነው። የመኪናው ጎማ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ካጠበቃችሁት፣ መኪናው መሬት ሲነካ ቡሹ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይቀመጣል፣ ቆሞም ተወጥሮ ያድራል፣ ያለ ጊዜውም ይቀደዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ በእጅና በቀላሉ ብቻ አስገባኋቸው። ከዚያ አክሰሉን በክሪክ ከፍ አድርጌ፣ መኪናው በጎማው ሲቆም የሚይዘውን ከፍታ ያህል ሲደርስ አጠበቅኳቸው። ይህን ከፍታ ለማግኘት ገና ሳልጀምር፣ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከጎማው መሃል በላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ለክቼ ይዤ ነበር። የማጥበቂያው ልክ በኒውተን ሜትር የመኪናው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የሌላ ሰው ቁጥር አትዋሱ። ውስጣቸው ናይለን ያለባቸው ዳዶዎች ከተፈቱ በአዲስ ይተካሉ።

ሁለተኛው ጎን ከመጀመሪያው በጣም ፈጠነ። ግራውን ስሠራ ቀኙ ሳይነካ ስለቆየ ሮንዴላው ወደየት እንደሚዞር ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃ ነበር። የወጡትን አሮጌዎች አትቁረጧቸው፣ እሳትም አታስጠጓቸው፤ ውስጣቸው ዘይትና የታመቀ ጋዝ አለ።

አሁን መኪናው ጉብታ ሲያልፍ ከፍ ብሎ አንዴ ይወርድና ይረጋል። የተበላው ጎማ ድምፅ ግን አልጠፋም፤ አዲስ ሾክ ያለቀ ጎማን አይጠግንም። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስነዳ ብሎኖቹን እንደገና በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ልክ በሚለካው) እፈትሻቸዋለሁ።

የፊቶቹን ያቆየሁት ማክፈርሰን ስለሆኑ ነው፤ ሾኩ በታመቀ ሞላ መሃል ነው የተቀመጠው። የሞላ መጨቆኛው በደንብ ሳይዝ የላይኛው ዳዶ ከተፈታ ሞላው የሚፈናጠርበት ኃይል ሰው ይገድላል። ክፍሉን ከመኪናው እኔ አውርጄ ሞላውን ጋራዥ ውስጥ ለማስጨቆን አስቤያለሁ፤ ከተገጠመ በኋላም አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) ያስፈልገዋል። ይህን በቤታችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የትኛውን ዓይነት መጨቆኛ እንደተጠቀማችሁና ሞላው ላይ እንዴት እንዳስያዛችሁት ብትጽፉልኝ ከመጀመሬ በፊት አነበዋለሁ።